ሀገር ፍቅር ማኅበርና የሸክላው ብቸኛ መብት፦ የአንድ ፈቃድ ታሪክ

በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1948) የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአንድ የኪነ ጥበብ ማኅበር ትልቅ ሥልጣን ሰጠ። ሸክላ (ሙዚቃ የሚቀረጽበትን ዲስክ) ወደ አገር የማስገባትና የአገር ውስጥ ሙዚቃን በሸክላ የማሳተም መብት የዚህ ማኅበር ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ማኅበሩ ሀገር ፍቅር ነው። በዚያ ዘመን ለሙዚቃችን ከሀገር ፍቅር የበለጠ የደከመ ተቋም መጥቀስ ይከብዳል። ስለዚህ ውሳኔው ሲሰማ ማንም ክፉ ነገር አይጠረጥርም።

ከ20 ዓመት በኋላ አንድ በሃያዎቹ ዕድሜው ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያንን መብት ጥሶ የመጀመሪያ ሸክላውን አሳተመ። አምሃ እሸቴ ይባላል። ዛሬ ዓለም "የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን" እያለ የሚያወራለት ድምፅ አብዛኛው ተቀርጾ የቀረው በዚህ ድፍረት ምክንያት ነው።

ታሪኩን ብዙ ሰው የሚያወራው እንደ ጀብዱ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ፣ አንድ የደነዘዘ ተቋም፣ አለቀ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሀገር ፍቅር ደንዝዞ አልነበረም። እንዲያውም ብዙ ሠርቷል። ግን የማይሠራውን ሥራ በእጁ ይዞ ነበር፣ ሌላውም እንዳይሠራው ሕግ ከልክሎ ነበር። የአገር ሙዚቃን የሚደግፍ ተቋም ለማቋቋም ወይም ለማጠናከር የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ጉዳይ ቁጭ ብሎ ሊያጠናው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ማኅበሩ ከየት መጣ

ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ። መሥራቹ አቶ መኮንን ሀብተወልድ ናቸው። በኋላ የገንዘብ ሚኒስቴርን ጨምሮ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን የመሩ፣ ሌላው ሹም ማዕረግ በማዕረግ ላይ ሲደርብ "አቶ" መባልን የመረጡ ሰው ነበሩ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ጦርነት እየመጣ ነው፣ ሕዝቡ መነሣሣት አለበት። ለዚህ ደግሞ ንግግር ብቻውን አይበቃም። ዘፈን ያስፈልጋል፣ ፉከራ ያስፈልጋል፣ ሽለላ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ከመነሻው ሙዚቃን የያዘው ለሌላ ዓላማ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ወረራው ማኅበሩን በተነው። ከነፃነት በኋላ እንደገና ተሰባሰበና በፒያሳ አካባቢ ቤት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ቲያትር ቤትም ሆነ፣ የሙዚቃ ቡድንም ሆነ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ማለት ይቻላል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ መድረክ ላይ በአንድነት ተሰልፈው፣ ትኬት ለቆረጠ ተመልካች መጫወት ጀመሩ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን አዝማሪ በየጠጅ ቤቱና በየሠርግ ቤቱ እየዞረ የሚኖር፣ ጥበቡ የሚወደድ ሰውነቱ ግን የሚናቅ ሰው ነበር። ሀገር ፍቅር ያንን ሰው ወር ጠብቆ ደሞዝ የሚቀበል ሠራተኛ አደረገው። የኪነ ጥበብ ሰው በሥራው ስም የሚጠራበትን በር ከከፈቱት ቤቶች አንዱ ነው። ይህ ውለታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሌላም ነገር ነበር፤ ማኅበሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ይዞር ነበር። ከዚህ ጉዞ ውስጥ አንዱ ለዘላለም የሚታወስ ነው። የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች ወሊሶ ሄደው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ዝግጅት አቀረቡ። ከባለሙያዎቹ መካከል ገጣሚና የዜማ ደራሲው ኢዩኤል ዮሐንስ ነበር። አንድ ተማሪ ቀርቦ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገረው። ኢዩኤልም ልጁን "ከፈለግህ አዲስ አበባ ና" አለው። ልጁ ምክሩን ይዞ ከትምህርት ቤት ጠፋ፤ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ድረስ ሄደ። ቤተሰብ ደርሶ ቢመልሰውም ልቡ አልተመለሰም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ገባና ሀገር ፍቅር ተቀጠረ። ጥላሁን ገሠሠ ነው።

አንድ የአገር ተቋም ለሙዚቃ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ከተማው ድረስ መጥቶ በር ማንኳኳት የማይችለውን ልጅ፣ ያለበት ቦታ ሄዶ ማግኘት። ለዚህ ንግድ አይበቃም። ነጋዴ ወሊሶ ድረስ ወርዶ የማይታወቅ ተማሪ አይፈልግም፤ ስሙ የወጣለትን ነው የሚፈልገው። ተሰጥኦ ፍለጋ መዞር ትርፍ የለውም፤ ያለ ሕዝብ ገንዘብና ያለ ፍቅር አይሠራም።

ደሞዝ፣ ዩኒፎርምና ትሮምፔት

ስለ ሀገር ፍቅር ብቻ ካወራን ስዕሉ ይጎድላል። የዚያን ዘመን ሙዚቃ የያዙት ሌሎችም ተቋማት ናቸው። ክቡር ዘበኛ (የንጉሡ ጠባቂ ጦር) ባንድ ነበረው። ጦር ሠራዊት ነበረው። ፖሊስ ሠራዊት ነበረው። ማዘጋጃ ቤት ነበረው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ 25ኛ የንግሥ በዓል ሲከበር የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) የራሱን ኦርኬስትራ ያዘ።

የዚህ ሁሉ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያዩዋቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ባንድ አድርገው አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የተባሉት ናቸው። አብሯቸው የመጣው መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያን ጊዜ የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱና በቲያትሩ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ፣ የአገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበረ። ስለ ነርሲስ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ያን ያህል የሠራ ሰው በዘመኑ በሸክላ የወጣለት ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሙዚቀኛው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ደሞዝ ይቆረጥለታል። ዩኒፎርም ይሰጠዋል። ሳክስፎኑም፣ ትሮምፔቱም፣ ጊታሩም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ኖታ ማንበብ ይማራል። በዓል ሲመጣ ይጫወታል፤ ትእዛዝ ሲመጣ ይጫወታል። በግሉ ውጭ መሥራት ግን እንደልብ አይደለም። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት፣ ማሕሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ የወጡት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ጥላሁንም ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ሄዷል።

ሥርዓቱ የራሱ አደጋ ነበረው። ሙዚቀኛው የተቋሙን ዕጣ ይካፈላል። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ የክቡር ዘበኛው አዛዥ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ጥላሁን ከታሰሩት አንዱ ሆነ። የሀገር ፍቅር መሥራች አቶ መኮንን ሀብተወልድ ደግሞ በዚያው ግርግር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ባለሥልጣናት መካከል ነበሩ።

የጎደለው ነገር

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ።

ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ ላይ መቀረጽ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ዘፍነው ተቀርጸዋል። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. መብቱ ለሀገር ፍቅር ሲሰጥ ነገሩ አዲስ ፈጠራ አልነበረም። ጠቃሚነቱም የታወቀ ነበር። በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ግን ማኅበሩ ያወጣው ሸክላ እጅግ ጥቂት ነው። የየክፍሉ ኦርኬስትራ በየሳምንቱ አዳዲስ ዘፈን ይጫወታል፣ ሬዲዮ ያስተላልፋል፣ ከተማው ያዳምጣል። ሰው ወደ ሙዚቃ ቤት ሄዶ "የእነ እገሌን ዘፈን ስጠኝ" ሲል ግን የሚያገኘው የውጭ ነው። የአሜሪካ አለ፣ የጣሊያን አለ፣ የሱዳን አለ፣ የሕንድ አለ። ሸክላ የማስገባቱ ክልከላ በተግባር ላልቶ ነበርና እነዚህ በየቤቱ ይሸጡ ነበር። የማሳተሙ ክልከላ ግን ሰውን አስፈርቶ ቆየ።

ለምን አልሠራበትም? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሸክላ ማውጣት ንግድ ነው። በአገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ትቀርጻለህ፣ ቴፑን ውጭ አገር ትልካለህ፣ የውጭ ምንዛሪ ታስፈቅዳለህ፣ ቅድሚያ ትከፍላለህ፣ ዕቃው በመርከብ ወይም በአውሮፕላን እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ ቀረጥ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ለየሱቁ ታከፋፍላለህ። ዘፈኑ ካልተወደደ ገንዘቡ ቀረ። ቲያትር ቤት ይህን ለማድረግ የተሠራ አይደለም። የቲያትር ቤት ሰው የሚያስበው ለእሁድ ትርኢት ነው። መጋረጃው ይከፈታል፣ ትኬት ይሸጣል፣ ደሞዝ ይከፈላል። የአምስት ወር ገንዘብ ሕንድ አገር ልኮ መጠበቅ ለእንዲህ ያለ ቤት ያስፈራል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ መብቱን ባይጠቀምበት የሚያጣው ነገር አልነበረም። "በዓመት ይህን ያህል አውጣ፣ አለበለዚያ ለሌላ ይሰጣል" የሚል አልነበረም። ተፎካካሪ የለም። ጠያቂ የለም። የቀረ ዘፈን ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ማንም "ያልታተመው የታለ?" ብሎ ሰልፍ አይወጣም። እንዲህ ሆኖ ፈቃዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ቅድም ልብ በሉ ያልኩት እዚህ ይመጣል። ሀገር ፍቅር ሙዚቃን የያዘው ለአገር ፍቅር ማነሣሻ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ዋናው ነገር መድረክ፣ በዓልና ሬዲዮ ነው። አንድ ወጣት ቤቱ ቁጭ ብሎ ከሚወዳት ልጅ ጋር የሚሰማው የፍቅር ዘፈን ከማኅበሩ ዓላማ ጋር ብዙም አይገናኝም። አገሩ ሲለወጥ፣ ከተማው ሲያድግ፣ ሶልና ሮክ የተባሉት የውጭ ሙዚቃዎች አስመራ በነበረው የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር፣ በቃኘው ጣቢያ፣ በኩልና በየክበቡ ሲገቡ፣ ልጆቹ ጸጉራቸውን እንደ አሜሪካዊው ዘፋኝ ጄምስ ብራውን ሲያበጥሩ፣ የማኅበሩ ሐሳብ እዚያው ቆመ። በዚህ ክፋት አላይም። አንድ ተቋም የተወለደበትን ዓላማ ይዞ መቆየቱ ተፈጥሮው ነው። ስህተቱ ያንን ተቋም የሁሉም ነገር በር ጠባቂ ማድረጉ ላይ ነው።

የሙዚቃ ቤቱ ልጅ

አምሃ እሸቴ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። የውጭ ሸክላ ያስመጣና ይሸጣል። ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው አንድ ነገር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ደንበኛው የሚጠይቀውንና ሳያገኝ የሚሄደውን። ይህን ቲያትር ቤት ቢሮ የተቀመጠ ኃላፊ አያውቀውም። ማታ ማታ በየምሽት ክበቡ እነ ዓለማየሁ ሲዘፍኑ አዳራሹ ይናወጣል። ጠዋት ያው ወጣት ሙዚቃ ቤት መጥቶ የውጭ ሸክላ ይገዛል። አምሃ ይህን እያየ "እኛ ያለን እያለ ለምን የሰው አመጣለሁ?" ብሎ ተነሣ።

ሕጉን ያውቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ እንደተናገረው፣ ለዚህ ማንም እንደማይገድለው እርግጠኛ ነበር፤ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ ሊታሰር እንደሚችል ገምቶ ገባበት። ቀላል አባባል ይመስላል። ንጉሠ ነገሥቱ ለሰጡት መብት እንዲህ ብሎ መነሣት ግን በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) የመጀመሪያው ሸክላ ወጣ። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነው። የአባታቸው ስም ቢገጥምም ወንድማማች አይደሉም። የታተመው ሕንድ አገር ነው።

እስቲ ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። 45 የሚባለው ዓይነት ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ ከተዘረጋ እጅ ብዙም የማይሰፋ ትንሽ ሸክላ። መሀሉ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አለው። በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን፣ ሲገለበጥ ሌላ ዘፈን። መሀሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስና ከአምሃ ስም መነሻ ፊደላት የተሠራ መለያ ቁጥር ይጻፋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዘፈኑ በሦስት በአራት ደቂቃ ማለቅ አለበት። መድረክ ላይ ሲዘፈን እንደ ሰዉ ሞቅታ ይረዝም የነበረው ዘፈን እዚህ መሰብሰብ ነበረበት። መግቢያው አጠር ይላል፣ ሳክስፎኑ ቶሎ ይገባል፣ ድምፃዊው ጊዜ አያባክንም። የቀረጻ ዘዴውም ቀላል ስለነበር ባንዱና ድምፃዊው አንድ ላይ ቆመው ይጫወቱታል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በእነዚያ ሸክላዎች ውስጥ የሚሰማው ትኩረት፣ ያ ትንፋሽ የሚያስይዝ ጥድፊያ፣ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አቀናባሪዎቹን ሳላነሳ ብሄድ ግፍ ይሆንብኛል። ግርማ በየነ ለብዙዎቹ ዘፈኖች ቅንብር ሠርቷል፤ ራሱም ዘፍኗል። ሙላቱ አስታጥቄ ከውጭ ተምሮ ያመጣውን አቀናብሮበታል፤ በ1966 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮ ጃዝ አልበሙ በዚሁ በአምሃ አሳታሚነት ወጥቷል። ዘፋኞቹን ብቻ የምናስታውስ ሕዝብ ነን። አቀናባሪው ግን የዚያ ዘመን ድምፅ አናጢ ነበር።

ማኅበሩ መብቴ ተነካ ማለቱ አልቀረም። ሥራውን ያስቆመ እርምጃ ግን አልተወሰደም። ሸክላው ተሸጠ፣ ሌላ ተከተለ። ማሕሙድ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ሂሩት በቀለ፣ ሰይፉ ዮሐንስ፣ ተሾመ ምትኩ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሌሎችም ተቀረጹ። እስከ 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) ድረስ አምሃ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። በስድስት ዓመት ገደማ! በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሌሎችም ገቡ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስ የኢትዮጵያ ዘፈን ማሳተም ጀመረ። አሊ አብደላ ካይፋ፣ በከተማው "አሊ ታንጎ" የሚባለው፣ የራሱን ማሳተሚያ ከፍቶ የማሕሙድን ታላላቅ ሥራዎች አወጣ። ፍላጎቱ እዚያው ነበር። ሙዚቀኛውም እዚያው ነበር። 20 ዓመት ሙሉ መሀል የቆመው ወረቀት ነው።

ለማን ነው ምስጋናው?

ይህን ታሪክ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ "መንግሥት እጁን ቢያነሳ ሙዚቃ በራሱ ያድጋል" ወደሚል ድምዳሜ ይሮጣል። በዚህ አልስማማም።

አምሃ የቀረጻቸውን ሰዎች እንይ። ዓለማየሁን ፖሊስ ሠራዊት ነው ያሳደገው። ማሕሙድ የክቡር ዘበኛ ሰው ነው። ሸክላዎቹ ላይ የሚነፉት የሳክስፎንና የትሮምፔት ሰዎች ብዙዎቹ ኖታ የተማሩት፣ መሣሪያ ያገኙት፣ አሥር ዓመት በየቀኑ የተለማመዱት በመንግሥት ደሞዝ ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት ይህን ሊያደርግ አይችልም። አንድን የነፋስ መሣሪያ ተጫዋች ለማብቃት ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ መብላት አለበት። ስለዚህ አምሃ ያጨደው ሌሎች ለ30 ዓመት የዘሩትን ነው። ይህ አምሃን አያሳንሰውም። አጫጅ ባይመጣ እህሉ ማሳው ላይ ይቀር ነበርና።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የማየው የሥራ ክፍፍልን ነው። ሀገር ፍቅርና ኦርኬስትራዎቹ ጥሩ ያደረጉት ነገር ሁሉ ገበያ የማያደርገው ነው፤ ማሠልጠን፣ ደሞዝ መክፈል፣ ገጠር ወርዶ መፈለግ፣ የማይሸጠውን ማሲንቆና በገና ማቆየት። የወደቁበት ደግሞ ገበያ በደንብ የሚያደርገው ነው። ሸክላው መብት ሳይሆን ድጋፍ ሆኖ ቢሰጣቸው ኖሮ፣ ማለትም "እናንተም አሳትሙ፣ ሌላውም ያሳትም፣ ለእናንተ ግን ገንዘብ እንጨምራለን" ቢባል ኖሮ፣ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ነጋዴው የፍቅር ዘፈኑን ያወጣል። ማኅበሩ ማንም የማያወጣውን የነርሲስን ኦርኬስትራ፣ የየክፍለ ሀገሩን ዜማ፣ የትልልቅ አዝማሪዎችን ድምፅ ያወጣል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የተረፈውና ያልተረፈው

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለው አጭር ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ክበብ ያለ ምሽት አይኖርም። ባንዶቹ የሚኖሩት በምሽት ሥራ ስለነበር ደረቁ። አምሃ በ1967 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ሄደና ዋሽንግተን ኖረ፤ እዚያም ምግብ ቤትና ክበብ ከፈተ። አገሩ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ካሴት ሸክላን ተካው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ስብስቦች ከአምሃ ሸክላዎች የተወሰዱ ናቸው። ይህ የሆነው አምሃ የሥራው ባለቤት ሆኖ ስለኖረና ፋልሴቶ ከእርሱ ጋር ተስማምቶ መሥራት ስለቻለ ነው። ባለቤቱ የሚታወቅ፣ ቁጥር ያለው፣ የማን እንደሆነ የተጻፈበት ሥራ ከ30 ዓመት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

ከ1961 ዓ.ም. በፊት ያለው ግን? የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ኦርኬስትራዎች ድምፅ ወጣት ጥላሁንን ጨምሮ በአብዛኛው የተረፈው በሬዲዮ ጣቢያው ቴፕ ላይ ነው። ሸክላ ሺህ ቦታ ይበተናል፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ቤት ይገኛል። ቴፕ ግን አንድ ነው። ተደምስሶ ሌላ ነገር ከተቀረጸበት፣ እርጥበት ከበላው፣ መደርደሪያው ከጠፋ፣ አለቀ። ብቸኛው መብት ያስከፈለን ዋጋ ይህ ይመስለኛል። ገንዘብ አይደለም። ከእነዚያ ዓመታት ምን ያህል ዘፈን ጨርሶ እንደሌለ እንኳ መቁጠር አለመቻላችን ነው።

ዛሬ ላይ

ሀገር ፍቅር ዛሬም ቲያትር ቤት ነው። የሸክላ ፈቃድ ነገር ማንም አያስታውሰውም። ጥያቄው ግን በሌላ ልብስ ተመልሷል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ሰጥቶ ነበር። ድምፃዊውና አሳታሚው የራሳቸውን የሕግ ጥበቃ በግልጽ ያገኙት ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለና ሮያሊቲ (ሥራው ሲጫወት ለባለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ) በጋራ የሚሰበስብ ማኅበር የሚቋቋምበት መንገድ ተቀመጠ። አስፈላጊ ነው፤ በጣም አስፈላጊ ነው። አንድ የክራር ተጫዋች በየሆቴሉና በየሬዲዮው እየዞረ "ዘፈኔን ተጫውታችኋልና ክፈሉኝ" ሊል አይችልም። ይህን የሚያደርግለት ተቋም ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለው ተቋም ግን በባሕርዩ ሰፊ ሥልጣን ይይዛል። የሁሉን ፈቃድ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ስለዚህ ከ1940ው ውሳኔ የጎደለው አንቀጽ እዚህ ይግባ ባይ ነኝ። መብቱን የያዘው አካል በየዓመቱ ምን ሰበሰበ፣ ለማን ከፈለ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ የሚለውን ለአባላቱ በይፋ ያቅርብ። ለተወሰነ ጊዜ ያልተጠቀመበት ሥልጣን ደግሞ በራሱ ጊዜ ይውደቅ፤ ማንም አምሃን መሆን ሳያስፈልገው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይቸኩላል። የሬዲዮ ቴፖቹ ምን እንደያዙ፣ የትኛው እንደሚሰማ፣ የትኛው እንደተበላሸ የሚያሳይ ዝርዝር ለሕዝብ ይውጣ። ቴፖቹ ወደ ዲጂታል ይገልበጡ፤ የተጫዋቾቹና የአቀናባሪዎቹ ስም አብሮ ይጻፍ። ስማቸውን በጆሮ ብቻ ለይተው የሚናገሩ የቀድሞ ኦርኬስትራ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ። በ2013 ዓ.ም. ብቻ በሚያዝያ 22 አምሃን፣ በነሐሴ 27 ዓለማየሁን አጥተናል። ቴፑን ከፍቶ ያሉትን ሰዎች አጠገቡ አስቀምጦ "ይህ ሳክስፎን የማን ነው?" ብሎ ለመጠየቅ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የሚሠራ የቴፕ ማጫወቻና ለዚህ የተመደበ በጀት ይበቃል።